በዋዜማ የጠጡ አበቦች

ሰው «ምን ሠርተሽ ነው ጡረታ የወጣሽ?» ሲለኝ «አበባ» እላለሁ። ይስቃሉ። በእኛ አገር አበባ ይበቅላል እንጂ አይሠራማ! መስከረም ሲጠባ ሜዳውን ሁሉ ቢጫ የሚያለብሰው ማን ደሞዝ ከፍሎት ነው? እኔ ግን ሃያ ዓመት ገደማ ደሞዝ እየበላሁ አበባ ሠርቻለሁ፤ በሸክላ ተክዬ፣ በላስቲክ ቤት አሳድጌ፣ ያለ ወራቱ አስፈክቼ። የጡረታ ወረቀቴን የተቀበልኩ ሰሞን የጎረቤት ሴቶች «እስቲ እኛንም አስተምሪን» ብለው ከበቡኝ። ላስተምራቸው ብቀመጥ ከአፌ የቀደመው አበባ እንዴት እንደሚለማ ሳይሆን እንዴት እንደሚጠፋ ሆነ። ያንን ደግሞ ከመሀል ጀምሮ መናገር አይሆንምና ከሥሩ ልጀምረው።

ሥራ የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት፣ ፍኖተ ሰላም ዳር በነበረ የዛፍ ችግኝ ጣቢያ ነው። ትዳሬ ፈርሶ ከማንኩሳ ገጠር የመጣሁ ሴት ነበርኩና የተገኘውን የቀን ሥራ ያዝኩ። ሥራው ጥቁሩን የችግኝ ላስቲክ አፈር መሙላት ነው፤ ጠዋት የተቀመጠ ማታ ይነሳል። የመጀመሪያው አለቃችን መልካም ሰው ነበሩ፤ አንድ አመል ብቻ ነበረባቸው፤ የበቀለውን ሳይሆን የተሞላውን ላስቲክ ይቆጥሩ ነበር። በእሳቸው ሪፖርት ቢሆን ጎጃም ዛሬ ፀሐይ የማያይ ጫካ በሆነ ነበር።

ያኔ አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። አፈሩ አንድ፣ ዘሩ አንድ፣ ውሃው አንድ፤ ግን ይኼኛው ላስቲክ ይበቅላል፣ ጎኑ ያለው ባዶ ይቀራል። ለምን? ስጠይቅ «የእግዜር ሥራ ነው» ይሉኛል። መሆኑንስ ነው፤ ግን እግዜር እንዴት አድርጎ እንደሚሠራው ማየት ያምረኝ ነበር። አለቃችን በሌሉበት ያልበቀለውን ላስቲክ እየቀደድኩ ዘሩን እፈልግ ነበር። አንዳንዱ ጉንዳን የበላው፣ አንዳንዱ ጠልቆ የተቀበረ፣ አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳይሆን እንዲሁ የተኛ። ጓደኞቼ «መቃብር ቆፋሪዋ» ይሉኝ ጀመር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ፕሮጀክት ቡሬ ላይ ግሪን ሃውስ ሠራ። እኛ ላስቲክ ቤት አልነው፤ በእንጨት ላይ የተወጠረ ነጭ ላስቲክ ነውና። ዓላማው ለየመሥሪያ ቤቱ በር፣ ለሆቴሉ፣ ለአደባባዩ የሚሆን አበባ በሸክላ ማሳደግ ነበር። መንገደኛ ገበሬ ቆም ብሎ ያይና «አገር ሙሉ መሬት እያለ በሸክላ ምን አስቸገራቸው?» ብሎ ያልፋል። እኔን ወደዚያ ያዛወሩኝ መቃብር ቆፋሪነቴ ተሰምቶ መሆኑን ኋላ ነው የሰማሁት። እንድዛወር የጠየቁትም የላስቲክ ቤቱ ባለሙያ አያ ሙሉነህ ነበሩ።

አያ ሙሉነህ ብዙ ዘመን ጢስ ዓባይ በአንድ ግቢ የአበባ አትክልተኛ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው። ማንበብ አይችሉም። ቁራጭ የተተከለበትን ቀን በዱላቸው ላይ በቢላዋ ጭረት ያስቀምጡታል፤ አንድም ቀን ተሳስተው አላየሁም። «ይህን ሁሉ ከማን ተማሩት?» ስላቸው «ከሞቱት» አሉኝ። የሞቱትን አበቦች ማለታቸው ነው።

ጠዋት ሲገቡ ከማንም በፊት ሸክላዎቹን ያንኳኳሉ። የእንግዳ ቤት በር እንደሚያንኳኳ ሰው ጣታቸውን አጥፈው፣ ቀስ ብለው። ውሃ ያለቀበት ሸክላ ይጮኻል፤ ውሃ ያለው ድምፁ የታፈነ ነው። ካንኳኩ በኋላ ያነሱታል፤ ክብደቱን ሊያውቁ። ከዚያ የሚወዱት ሥራ ይመጣል፤ የአበባዋን አንገት በሁለት ጣት መሀል ይይዙና ሸክላውን ገልብጠው ከንፈሩን ከእንጨቱ መደብ ጠርዝ ጋር ጠቅ ያደርጉታል። አፈሩ የሸክላውን ቅርጽ እንደያዘ ወጥቶ መዳፋቸው ላይ ይቀመጣል። ሥሩ ነጭ ከሆነ «ጥርሷ ደህና ነው» ይሉና ይመልሷታል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን «ሞተች!» ብዬ ጮኼአለሁ።

ጥያቄ ስጠይቃቸው መልስ አይሰጡም። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ነው የሚሉት። ጀራኒየም የሚሉትን ቀይ አበባ የምናባዛው ለጋውን ቅርንጫፍ ከአንጓው ሥር ቆርጠን ነበር። እኔ የተቆረጠ ነገር ይጠማዋል ብዬ ቶሎ አፈር ውስጥ ከትቼ አጠጣዋለሁ፤ ይበሰብሳል። እሳቸው ግን ቁራጩን ጥላ ላይ ዘርግተው ከጠዋት እስከ ከሰዓት ይተዉታል። «ለምን?» ስል «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ሦስት ቀን አስቤ «ቁስሉ እንዲደርቅ?» አልኩ። «ቁስል ላይ ውሃ የሚያፈስ ሐኪም አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ፤ ያ የእሳቸው ምርቃት ነው።

ሸክላውን የሚሠሩልን አንዲት የማንኩሳ ሴት ነበሩ። ታቹ ይበሳ ብለን ስናዛቸው ሥራቸውን አቁመው አዩን። «እድሜዬን ሙሉ እንዳያፈስ ስጥር ኖሬ አሁን ቀዳዳ ሥሪ ትሉኛላችሁ? መንግሥት ውሃ መያዝ እንኳ አቃተው?» በመጀመሪያ ዙር የላኩልን ቀዳዳ መርፌ የማያስገባ ነበር። አያ ሙሉነህ ማንኩሳ ድረስ ሄደው ትንሿን ጣታቸውን አሳዩአቸው፤ «ይቺ ትግባ»።

ከእኔ ሦስት ዓመት ዘግይታ ዘይነባ ተቀጠረች። ከቡሬ ገበያ፣ ከጨርቅ ነጋዴ ቤተሰብ ናት፤ አባቷ ከሞቱ በኋላ እናቷን የምታስተዳድር እሷ ነበረች። እጇ ፈጣን ነው፤ የጠወለገ ቅጠል ስትለቅም ሰው ክር የምትጎነጉን ይመስለዋል። በመሥሪያ ቤታችን ደንብ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መደብ ነበረው፤ የሌላውን መደብ ማንም አይነካም። የሷ መደብ ከእኔ ቀጥሎ ነው። ገና ከጅምሩ «እትዬ እማዋይሽ» ብላ ጠራችኝ፤ እንደ ታናሽ እህት ወደድኳት።

አያ ሙሉነህ እርጅና ሲጫናቸው ጅጋ ልጃቸው ዘንድ ገቡና የላስቲክ ቤቱ ኃላፊነት ለእኔ ደረሰ። በዚያው ዓመት ትልቁ ትእዛዝ መጣ። ታኅሣሥ ማለቂያ ላይ ከክልል እንግዶች ይመጣሉና ስድስት መቶ ሸክላ ጀራኒየም አብቦ ይጠብቃቸው ተባለ።

እዚህ ላይ የእኛን ነገር ልንገራችሁ። በእኛ አገር በአቦ፣ በሚካኤል፣ በማርያም አፈር የሚነካ የለም። መሥሪያ ቤቱ ክፍት ነው፤ እኛም መጥተን እንፈርማለን፤ ግን ማረሻም ዶማም ማጠጫም አይነሳም። አለቆችም አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። አያ ሙሉነህ በነበሩበት ጊዜ ይህ ነገር አስጨንቆን አያውቅም፤ አበባው እንዲሁ ያድር ነበር። እኔ ኃላፊ ስሆን ግን አሰብኩ፤ አበባው በበዓል ቀን ሳይጠጣ ይውላል፤ ታዲያ እንደ መንገደኛ ስንቅ ብንሰጠውስ? በዋዜማው ሁለት እጥፍ ይጠጣ አልኩ። በራሴ ብልሃት ኮርቻለሁ፤ አልዋሽም።

ኅዳር ገባ። አምስት አቦ፣ ስድስት ቁስቋም፣ ሰባት ሥላሴ፤ ሦስት ተከታታይ ቀን። ኅዳር አራት ከሰዓት በኋላ የሦስት ቀን ስንቅ አጠጣን፤ ውሃው ከሸክላው አፍ እስኪገነፍል። ዘይነባ «እኔ ነገም አለሁ፤ የናንተንም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ላጠጣላችሁ?» አለችን። «ተዪው፤ በኛ ስም በሰው እጅ ቢሠራም ያው ሥራ ነው» አልኳት። የራሷን መደብ ብቻ እንደ ልማዷ አጠጣች። ለሚካኤል ዋዜማም ያንኑ ደገምነው።

ከሚካኤል ወዲያ ቅጠሉ ልምሽሽ አለ። የጠወለገ አበባ ሲታይ ጥም ይመስላል። ስለዚህ አጠጣነው። ባሰበት። ጨመርንለት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኛ ደግሞ እየጋበዝነው ወሰደ። በሳምንት ውስጥ የአምስታችን መደብ ከሥሩ እየጠቆረ ተኛ፤ ለምልሞ የቀረ የዘይነባ መደብ ብቻ ሆነ።

አዲሱ ኃላፊያችን አቶ ጌትነት ግምገማ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ሰበሰቡንና ደብተራቸውን ገለጡ። ጥሩሰው የምትባል ባልደረባችን ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«በአቦ፣ በቁስቋም፣ በሥላሴ እኛ እጃችንን አላስገባንም። ብቻዋን የገባች እሷ ናት። የኛ ሞተ፤ የሷ ለመለመ። እኔ ሌላ ነገር አላልኩም» አለችና ተቀመጠች።

በእኛ አገር «ሌላ ነገር አላልኩም» ማለት ሁሉንም ብሎ መጨረስ ነው። የዘይነባ ፊት ቀላ።

«ምን አድርጌ? በርሜሉ አንድ፣ ማጠጫው አንድ! ወላሂ ከውሃ በቀር ያፈሰስኩት የለም።»

«ያየሽ ሰው አለ?» አሏት አቶ ጌትነት።

«ማን ይየኝ? ሁላችሁ ደጅ ተቀምጣችሁ!»

ነገሩ በሁለት ሳምንት በሚደረግ ሁለተኛ ግምገማ ይወሰናል ተባለ። እስከዚያ ዘይነባ ላስቲክ ቤት እንዳትገባ ቁልፉን ተቀበሏት። ኮንትራቷም ሊቋረጥ እንደሚችል በሁላችን ፊት ተነገራት። እኔን አየችኝ። ኃላፊዋ ነኝ፤ አንድ ቃል ይጠበቅብኝ ነበር። ዝም አልኩ። ያን ቀን አበባው የሞተበትን ምክንያት ገና አላወቅኩም ነበር።

የድሮው አመሌ ግን አላስቀመጠኝም። በማግስቱ ብቻዬን ገብቼ ሸክላ መገልበጥ ጀመርኩ። ከራሴ መደብ አንድ፤ ሥሩ ቡናማ ሆኖ ልጡ ተገፎ ውስጡ እንደ ክር ቀርቷል፣ ይሸታል። ከጥሩሰው አንድ፤ ያው። ከዘይነባ አንድ፤ ነጭ፣ ጥርስ የመሰለ። መርዝ ከላይ ቢፈስ ቅጠሉ አይቃጠልም ነበር? ለምን ከሥር ተጀመረ? አራት ቀን እየተመላለስኩ አሥራ አምስት ሸክላ ገለበጥኩ፤ ሁሉም አንድ ነገር ነገረኝ፤ እኔ ግን መስማት አልፈለግኩም። አንድ የሞተና አንድ የዳነ ይዤ ወደ ጅጋ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሁለቱን ሸክላ ጭኔ ላይ ሳስቀምጥ አንድ ተሳፋሪ «ሬሳ ወደ ሐኪም ሲወሰድ ዛሬ አየሁ» አለ፤ መኪናው ሙሉ ሳቀ።

አያ ሙሉነህ በልጃቸው ሱቅ ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰላምታችንን ሳንጨርስ እጃቸውን ወደ ሸክላው ሰደዱ። አንኳኩ፣ አነሱ፣ ገለበጡ፣ አሸተቱ።

«ይቺን ማን አሰጠማት?»

የስንቁን ነገር ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ።

«ግመል አደረግሻት? ውሃ የምታስቀምጥበት ሻኛ አላት? ሥር ይተነፍሳል እማዋይሽ። የኅዳር ብርድ እየመጣ ከውሃ ውስጥ ብታስተኛት ምን ታድርግ?»

«እርስዎ ታዲያ በበዓል ቀን ምን ያደርጉ ነበር?»

«ከቅዳሴ መልስ እገባ ነበር።»

«ሊያዩአቸው?»

«ላጠጣቸው።»

«በሚካኤል?»

«በሚካኤል ላምሽን ውሃ አትወስጃትም?»

«እሷማ እንስሳ ናት፣ አያ ሙሉነህ።»

«ሜዳ የበቀለውን እኔም አልነካም። እሱ ሥሩን ሰዶ ፈልጎ ይጠጣል። ሸክላ ውስጥ ያለችውን ግን ያሰርኳት እኔ ነኝ። አስሬያት ልጸልይ?»

ይህን ያህል ዓመት አብሬአቸው ሠርቼ ይህን አንድ ነገር አላየሁም ነበር። ሰው ሁሉ በየቤቱ ሲገባ እሳቸው ዝም ብለው ገብተው ያጠጡ ኖሯል። እንባዬ መጣ። የዘይነባንም ነገር ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

«ለእኔ ምን ታለቅሺልኛለሽ? የተከሰስኩት እኔ ነኝ?»

በዚያኑ ቀን ወደ ቡሬ ተመልሼ ዘይነባ ቤት መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ፈራሁ። ኃላፊነቴ ይወሰዳል ብዬ ፈራሁ፤ ከዚያ ይበልጥ ግን የሰፈሩን አፍ ፈራሁ። «እማዋይሽ በዓል ማክበራችን ነው አበባውን የገደለው አለች፣ ታቦት ከሰሰች» ይሉኛል። ከማኅበር እስከ ለቅሶ ቤት እንዴት እቆማለሁ? ነገ እናገራለሁ እያልኩ ዘጠኝ ቀን አለፈ። አንድ ቀን ገበያ ላይ ዘይነባን ከሩቅ አየኋት፤ እናቷን ይዛ በርበሬ ትገዛለች። በሌላ መንገድ ዞርኩ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ አበባው አይደለም፤ ያ መዞሬ ነው።

በሁለተኛው ግምገማ ቀን ሁለት ሸክላ በፌስታል ይዤ ገባሁ። አቶ ጌትነት ደብተራቸውን ከመግለጣቸው በፊት ተነሣሁና የሞተውን ጠረጴዛቸው ላይ ገለበጥኩት። ጭቃው ወረቀታቸው ላይ ፈሰሰ። አጠገቡ የዘይነባን አስቀመጥኩ። «ይሽተቱት» አልኳቸው።

አሸተቱና ፊታቸውን አዞሩ።

«መርዝ አይደለም። ውሃ ነው። በዋዜማ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ አጠጡ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ዘይነባ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አጠጣች፤ የሷ ዳነ። ለእኛም ላጠጣላችሁ ብላን ነበር፤ እምቢ ያልኩ እኔ ነኝ።»

አቶ ጌትነት በእርሳሳቸው ጠረጴዛውን ነካ ነካ አደረጉና የፈራሁትን ጠየቁ።

«ወይዘሮ እማዋይሽ፣ እንግዲህ አበባውን የገደለው በዓል ማክበራችሁ ነው እያልሽን ነው?»

«ሚካኤል ምን አደረገ? ማጠጫውን የደፋሁት እኔ ነኝ። የታሰረ ከብት በበዓል ውሃ ይጠጣል፤ ሸክላ ውስጥ ያለም የታሰረ ነው። ይህን ያላወቅኩ እኔ ነኝ።»

ጥሩሰው አንገቷን ደፋች። ከኋላ አንዷ «ታቦት ለመክሰስ ነው እንጂ» ስትል ሰማሁ። ዘይነባ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ከዘጠኝ ቀን በፊት» አልኩ። እሱን እንኳ መዋሸት አልፈለግኩም። ራሷን ነቀነቀች።

ለእኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፣ ከደሞዜም ተቆረጠ፤ ኃላፊነቱ ለዘይነባ ተሰጠ። እንግዶቹን የተቀበላቸው የሷ መደብ ብቻ ነበር። ከበሩ ግራና ቀኝ በጣም ተራርቆ ቆሞ፣ ጥቂት ሰው የመጣበት ሠርግ መስሎ ነበር። ሰፈሩ ለጥቂት ወራት ሲያማኝ ከረመ፤ ኋላ ሌላ ወሬ ሲያገኝ ተወኝ። እኛም በበዓል ከቅዳሴ መልስ ነጠላችንን እንዳደረግን ገብተን ማጠጣት ጀመርን። መጀመሪያ የገባችው ጥሩሰው ናት፤ ላሟን ልታጠጣ እንደምትሄድ ሴት ሳትጣደፍ።

አሥራ ሦስት ዓመት በዘይነባ ሥር ሠራሁ። ፍትሐዊ አለቃ ነበረች፤ ያለፈውን አንድ ቀን አንስታ አልነካችኝም። አበባውን ደግሞ ከእኔም ከአያ ሙሉነህም በላይ አደረሰችው። ቤጎንያ የሚሉትን አበባ በክረምት አስፈካች፤ በቅጠል ቁራጭ ብቻ ማባዛትን ራሷ ሞክራ አገኘች፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ እንደ ጀማሪ እጠይቃት ነበር። አንድ አመል ብቻ ነበራት። ማጠጫ ስታነሳ ከመካከላችን አንዷን ትጠራለች፤ «ነዪ እስቲ፣ እዪ።» የተጠራችው ሥራዋን ትታ ትሄዳለች፤ ዘይነባ እስክትጨርስ ትቆማለች። እኔ ይህን የማስተማር ትጋት እያልኩ ለሰው አወራው ነበር።

በመጨረሻው የሥራ ቀኔ ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፤ ንግግር ተደረገ። ሲበተኑ ላስቲክ ቤቱን ልሰናበት ገባሁ። ዘይነባ በርሜሉ አጠገብ ማጠጫ እየሞላች ነበር።

«ዘይነባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስታጠጪ ሁልጊዜ ሰው የምትጠሪው ለምንድን ነው? ማጠጣቱን እንደሆን ሁሉም ችሎታል።»

ማጠጫውን መሬት አስቀመጠችው።

«ለማስተማር መስሎሽ ነው?»

«አዎ።»

«እትዬ እማዋይሽ፣ ከዚያ ኅዳር ወዲህ ብቻዬን አበባ አጠጥቼ አላውቅም። ‹ያየሽ ሰው አለ?› ያሉኝ ከጆሮዬ አልወጣም።»

ዘጠኝ ቀን ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ ሦስት ዓመት ምስክር ስትጠራ የኖረች እሷ ናት። ይቅር በይኝ አልኳት። «ይቅር ካልኩሽማ ቆየ» አለች፤ እውነቷን ነው፣ ድምፅዋ ውስጥ ቂም አልነበረም።

ከዚያ ማጠጫውን አነሳችና ዙሪያዋን አየች። ሌሎቹ ሄደዋል፤ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

«ነዪ በይ፣ እዪኝ» አለችኝ።

ጋቢዬን ሰብሰብ አድርጌ መደቡ አጠገብ ቆምኩ፤ የመጨረሻውን ሸክላ እስክታጠጣ ድረስ ዓይኔን ከእጇ ላይ አላነሳሁም።